የመጀመሪያ ስክሪፕታችሁን በምን ትጀምሩ? አጭር ፊልም፣ ሬዲዮ፣ ሙሉ ፊልም ወይስ ተከታታይ ድራማ

አዲስ አበባ ውስጥ ስክሪፕት መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ጎራ ብትሉ፣ ማኪያቶውን አስቀምጦ ስልኩ ላይ ታሪክ የሚሞነጫጭር አታጡም። የሐሳብ እጥረት የለም። ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው በየት በኩል መጀመር እንዳለባቸው ነው። አንዱ «ሙሉ ፊልም ካልጻፍክ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርህም» ይላቸዋል። ሌላው «ብሩ ያለው ተከታታይ ድራማ ላይ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አጭር ነገር ሥራና ዩቲዩብ ላይ ልቀቀው» ብሎ ይገላግላቸዋል። ሁሉም ከልምዳቸው ነው የሚናገሩት። ምክራቸው ግን እናንተ አሁን ያላችሁበትን ሁኔታ አያውቅም። ስንት ሰዓት አላችሁ? ኪሳችሁ ውስጥ ስንት አለ? እስካሁን ጽፋችሁ የጨረሳችሁት ነገር አለ?

እዚህ አራቱን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ግን የምንመዝንበትን እንወስን።

በምን እንመዝናቸው?

ከሁሉ የሚቀድመው «ልጨርሰው እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚከብድ መመዘኛ የለም። ያልተጨረሰ ስክሪፕት ለሰው አይሰጥም፣ አስተያየት አያገኝም፣ አይታረምም። መጨረስ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። የሚለመደውም በመጨረስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ከወረቀት ወጥቶ ሥራ እንዲሆን ምን ያህል ሰውና ብር ይፈልጋል? የጻፋችሁትን በተዋናይ አፍ ሳትሰሙ ድክመታችሁን አታውቁትም። ስለዚህ በቶሎ የሚሠራው ቅርጽ በቶሎ ያስተምራችኋል።

ሦስተኛው፣ የትኛውን ችሎታ ያዳብራል? በምስል ማሰብን ነው? ንግግር መጻፍን ነው? ወይስ ረጅም ታሪክ መሸከምን?

አራተኛው፣ ማንም ባይገዛው እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል? ለሰው የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል ወይስ መሳቢያ ውስጥ የተኛ ወረቀት?

ክፍያን ሆን ብዬ አምስተኛ አላደረግሁትም። መጀመሪያው ስክሪፕት ላይ ክፍያን ያስቀደመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሌላው ይፈልገዋል ብሎ የገመተውን ነው። እሱ የሚያውቀው ታሪክ ግን ሳይጻፍ ይቀራል። ደግሞም ክፍያ የሚመጣው አንብበው ባመኑት ጸሐፊ ላይ ነው።

አንድ ታሪክ ይዘን እንሂድ

ንጽጽሩ ደረቅ እንዳይሆን አንድ ታሪክ እንያዝና በአራቱም ቅርጽ እንሞክረው። አራት ኪሎ አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። እቴነሽ እንበላት። የዱቤ ደብተር አላት። ጠዋት ጠዋት በዱቤ ሲጠጣ የነበረ አንድ ደንበኛዋ ይሞታል። አርባው ከወጣ በኋላ ልጁ የአባቱን ዕዳ ልክፈል ብሎ ይመጣል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አጭር ፊልም

ይህ ታሪክ የተፈጠረው ለአጭር ፊልም ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ውሳኔ። ትዕይንቱ ወረቀት ላይ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

> ውጭ። የጀበና ቡና ቦታ፣ አራት ኪሎ። ጠዋት።
>
> እቴነሽ ደብተሩን ትገልጣለች። በአንድ ስም ሥር የተደረደሩ መስመሮች ገጹን ሞልተውታል። ከታች ድምሩ፦ 1,840 ብር።
>
> ልጁ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። የአንድ ጫማው ሶል ከፊት ተላቋል።
>
> ልጁ፦ እትዬ፣ አባዬ ስንት ነበረበት?
>
> እቴነሽ ጫማውን ታያለች። ደብተሩን ትከድናለች።
>
> እቴነሽ፦ መጀመሪያ ቡናህን ጠጣ።

«አዘነችለት» የሚል ቃል የትም የለም። ጀማሪ ይህን ትዕይንት ሲጽፈው ብዙ ጊዜ «የልጁ ድህነት የእቴነሽን ልብ ነካው፤ የራሷ የልጅነት ሕይወት ትዝ አላት» ይላል። ለልብ ወለድ ያምራል። ካሜራማኑ ግን ምን ይቅረጸው? ካሜራ የሚያየው ሶሉን፣ ዓይኗ የሚያርፍበትን ቦታና የሚከደነውን ደብተር ነው። አጭር ፊልም ይህን ከማንም በላይ ያስተምራል፤ ለማብራራት የሚሆን ቦታ የለውማ።

ከአስር ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ልኩ የተሠራው በእንግሊዝኛ፣ ኩሪየር በሚባለው ፎንት፣ በ12 ነጥብ ለተጻፈ ስክሪፕት ነው። እኛ በአማርኛ ፎንቶቹ በኒያላ ወይም በአቢሲኒካ ስንጽፍ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ ልኩ አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነው። የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ክፈቱና ድርጊቱን በዓይነ ኅሊናችሁ እያያችሁ፣ ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ደቂቃውን ያገኛችሁት ያኔ ነው። የስክሪፕት ሶፍትዌር መግዛትም አያስፈልጋችሁም። ዎርድ ይበቃል።

ወጪው የሚወሰነው በብዕራችሁ ነው። «ሌሊት፣ ዝናብ፣ የተጨናነቀ መንገድ» ብላችሁ አንድ መስመር ስትጽፉ መብራት፣ ውኃና መቶ ሰው አዘዛችሁ ማለት ነው። «ጠዋት፣ ሁለት ሰው» ካላችሁ ፀሐይዋ በነጻ ታበራላችኋለች። ቀሪው የተዋንያኑ ምሳና ትራንስፖርት ነው። መንገድ ላይ ካሜራ ከቆመ የፈቃድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የእቴነሽን ቡና የጓደኛችሁ ግቢ በር ላይ ብታደርጉት ይሻላል። ቦታው መኖሩንም አረጋግጡ። የከተማዋ መሐል በፍጥነት እየተለወጠ ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። እዚያ የሚካሄድ ትዕይንት የጻፈ ሰው ዛሬ የሚቀርጽበት ቦታ የለውም። በነገራችን ላይ እነዚያን ሰፈሮች የምታውቁ ከሆነ፣ አነጋገሩንና የሰዉን ጠባይ አሁኑኑ ጻፉት። ቤቱ ቢፈርስም ሰዎቹ አሉ፣ ታሪኩም አልተነገረም።

ድክመቱን አልደብቅም። አጭር ፊልም ገበያ የለውም ማለት ይቻላል። ብር አገኝበታለሁ ብሎ የሚጀምረው ሰው ያዝናል። ሌላው ፈተና በመጨረሻው ደቂቃ ተመልካቹን ለማስደንገጥ መሞከር ነው። ልጁ ልጁ አልነበረም፣ አባትየው አልሞተም፣ ሁሉም ሕልም ነበር... ከዚህ ራቁ። እቴነሽ እውነተኛውን ድምር ትነግረዋለች ወይስ ትዋሸዋለች? ይህ ጥያቄ ብቻውን ይበቃል።

የሬዲዮ ድራማ

ከአራቱ ያለ አግባብ የተዘነጋው ይህ ነው። ሬዲዮ የድሮ ነገር የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። ግን መጻሕፍት የሚተረኩበትን የኢትዮጵያ ሬዲዮ ፕሮግራም «ከመጻሕፍት ዓለም»ን እየሰማ ያደገ ሰው፣ ድምፅ ብቻውን ሰውን ሥራ አስፈትቶ እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ተላልፏል። ያን ያህል ክፍል በቴሌቪዥን ለመሥራት ምን ያህል ሀብት እንደሚጠይቅ አስቡት።

የእኛ ትዕይንት ሬዲዮ ላይ ሲሄድ ወዲያው ችግር ይገጥመዋል። ደብተሩ አይታይም። የጫማው ሶልም አይታይም። ደካማ ጸሐፊ እቴነሽን «ወይኔ! እዚህ ደብተር ላይ እኮ 1,840 ብር ተጽፏል!» ያሰኛታል። ማን ነው ብቻውን እንዲህ የሚናገር? የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦

> (ሲኒ ይቀመጣል። ገጽ ይገለጣል።)
>
> እቴነሽ፦ (ለራሷ) መስከረም... ጥቅምት... ኅዳር...
>
> (ገጽ ይገለጣል። ሌላ ገጽ። ሌላ ገጽ።)
>
> ልጁ፦ ብዙ ነው እንዴ እትዬ?
>
> (ደብተሩ ይከደናል።)
>
> እቴነሽ፦ መጀመሪያ ቡናህን ጠጣ።

አድማጩ የብሩን መጠን አልሰማም፤ ግን ብዙ መሆኑን ከገጾቹ አውቋል። እንዲህ ያለ መላ መፈለግ ለንግግር ያላችሁን ጆሮ ይስላል። ሰው በእውነት እንዴት እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚያቋርጥ፣ የት ላይ ዝም እንደሚል ትሰማላችሁ።

ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው። ስልክ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የሚሰቀል ብርድ ልብስ፣ የሚያነቡ ሁለት ጓደኞች። መሐል ከተማ ያለ ሰው ጸጥታ ለማግኘት ሌሊት መቅዳት ይኖርበታል። ስህተቱን በማግስቱ አርማችሁ እንደገና መቅዳት መቻላችሁ ትልቅ ነገር ነው። በካሜራ ይህን ማድረግ ከባድ ነው።

የሚያጎድለው በምስል ማሰብን ነው። ሬዲዮ ላይ ብቻ ብዙ የቆየ ጸሐፊ ወደ ፊልም ሲመጣ ገጸ ባሕርያቱ ወሬ ያበዛሉ። ስለዚህ ከአጭር ፊልም ጋር እያፈራረቁ መሥራት ጥሩ ነው።

ሙሉ ፊልም

የሁሉም ሕልም ይህ ነው። ሕልሙም ተገቢ ነው፤ ማንም ተው ሊላችሁ አይገባም። ጥያቄው የመጀመሪያችሁ ይሁን ወይስ ሦስተኛችሁ ነው። እኔ ሦስተኛ ባይ ነኝ።

ሙሉ ፊልም ከ90 እስከ 120 ደቂቃ የሚሆን ታሪክ ይፈልጋል። ጀማሪዎች መጀመሪያውን በጋለ ስሜት ይጽፉታል። መጨረሻውንም ያውቁታል። የሚሰምጡት መሐሉ ላይ ነው፤ አርባኛው ገጽ አካባቢ ታሪኩ ይነጥፋል። የእቴነሽን ታሪክ ውሰዱት። 1,840 ብር ሁለት ሰዓት አይሸከምም። መሸከም እንዲችል እቴነሽ ራሷ የምትፈልገው፣ የሚያስፈራትና የሚከለክላት ነገር ያስፈልጋታል። የቡና ቦታዋ ሊነሳ ነው እንበል። ሌላ ቦታ ለመያዝ ቀብድ ያስፈልጋታል። ያለባትን ቀዳዳ የሚደፍነው ደግሞ ደብተሩ ውስጥ ያለው የሰው ዕዳ ነው። አሁን ለልጁ የምትለው ነገር ዋጋ ያስከፍላታል። ለሙሉ ፊልም የሚሆን ጅምር ማለት ይህ ነው። ጅምር እንጂ ፊልም ገና አይደለም።

ለመሠራት ፕሮዲውሰር ይፈልጋል፤ ፕሮዲውሰር ደግሞ ከማያውቀው ሰው መቶ ገጽ ተቀብሎ ለማንበብ ጊዜ የለውም። የሚያየው የአንድ ገጽ ሲኖፕሲስ፣ ማለትም የታሪኩን አጭር መግለጫ ነው። እሱ ከያዘው ጥቂት ገጾች ያነባል። ከዚህ ቀደም የሠራችሁትን አጭር ነገር ካሳያችሁት ግን አነባበቡ ይለወጣል።

ሳይሸጥ ከቀረ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ልምዱ ነው። ረጅም ታሪክ እስከ ዳር መሸከም ትልቅ ልምድ ነው። ግን ወራት ይበላል። በችኮላ የተጻፈ ደግሞ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ ቀረጻው መሐል ላይ ይላላል።

ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ

የእቴነሽ ደብተር እዚህ በደንብ ይሠራል። በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ስም አለ፤ እያንዳንዱ ስም አንድ ክፍል ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ። 13 ክፍል፣ እያንዳንዱ 30 ደቂቃ ቢሆን 390 ደቂቃ ነው። ከሦስት ባለ ሁለት ሰዓት ፊልም በላይ ማለት ነው። ያውም በየሳምንቱ በማይጠብቅ የአየር ሰዓት እየተባረሩ። አንድ ጀማሪ ብቻውን ይህን ይወጣዋል ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ምክሬ ተከታታይ ድራማን ብቻችሁን አትጀምሩት ነው። በቡድን ከሚጽፉ ሰዎች ጋር በረዳትነት መግባት ግን ግሩም ትምህርት ቤት ነው። የክፍሎችን አጭር መግለጫ መጻፍ፣ ገጸ ባሕርይዋ በሦስተኛው ክፍል ያለችውን በዘጠነኛው እንዳታፈርሰው መከታተል፣ የሌላ ሰው ንግግር ማረም። ይህ ሥራ ስማችሁን ትልቅ አድርጎ ላያወጣው ይችላል። የጽሕፈት ዲሲፕሊን ግን ይሰጣችኋል። ከአራቱ ክፍያ የመገኘት ዕድሉ የተሻለውም እዚህ ነው። ስትገቡ የሚከፈላችሁ በክፍል ይሁን በወር፣ ስማችሁ ይጻፍ እንደሆነ፣ የፈጠራችሁት ገጸ ባሕርይ ብትወጡ የማን እንደሚሆን በጽሑፍ ያዙ።

አንድ የጎን በር ልጠቁም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማየት ተለምዷል። የዚህ ዓይነት ትርጉም የሚሠራ ሰው የተዋናዩን አፍ እያየ አረፍተ ነገሩን ይለካል። ለንግግር ጽሕፈት የሚከፈልበት ልምምድ ነው።

ቴአትርን ከምርጫው ያላስገባሁት የራሱ ዓለም ስለሆነ ነው። ማየቱን ግን አትተዉት። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅር ፒያሳ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ተመልካች የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ ወንበሩ ላይ እንደሚቁነጠነጥ የሚያሳይ ሌላ መምህር የለም።

በአጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | አጭር ፊልም | የሬዲዮ ድራማ | ሙሉ ፊልም | ተከታታይ ድራማ |
|---|---|---|---|---|
| ለጀማሪ መጨረስ | ቀላል | ቀላል | ከባድ | ለብቻ በጣም ከባድ |
| ለመሥራት የሚፈልገው | ጥቂት ሰው፣ መጠነኛ ወጪ | ስልክና ሁለት ሦስት ሰው | ፕሮዲውሰር | ጣቢያ፣ ስፖንሰር፣ ቡድን |
| የሚያዳብረው | በምስል ማሰብ | ንግግርና ድምፅ | ረጅም ታሪክ መሸከም | ፍጥነትና የቡድን ሥራ |
| ካልተሸጠ የሚቀረው | የሚታይ ሥራ | የሚደመጥ ሥራ | ስክሪፕቱ | የመጀመሪያው ክፍል ስክሪፕት |
| የክፍያ ዕድል | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከተሸጠ ጥሩ | የተሻለ |

ለማን የትኛው?

ኪሳችሁ ባዶ ከሆነ ሬዲዮ። ያለ ማንም ፈቃድ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። የምትጽፉበት ጸጥ ያለ ቦታ ካጣችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይቀመጥበታል።

ትንሽ ብር ያጠራቀማችሁ፣ ካሜራ ያለው ጓደኛ ያላችሁ፣ በስምንት ገጽ አጭር ፊልም ጀምሩ። ካሜራ ኪራይ ላይ የምታወጡትን ቀንሳችሁ ተዋናይ ላይ አውሉት። መካከለኛ ምስል ይታለፋል፤ የማያሳምን ትወና አይታለፍም።

ሥራ ያላችሁና ማታ ብቻ የምትጽፉ ደግሞ ወደ ሙሉ ፊልም አትቸኩሉ። በሳምንት ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው አጭር ፊልሙን በወር ይጨርሳል። ያ መጨረስ የሚሰጠው ጉልበት ቀላል አይደለም።

ፈጥኖ ገቢ የሚያስፈልጋችሁ፣ ቤተሰብ የምትረዱ፣ ከተከታታይ ድራማ ቡድን ተጠግታችሁ ረዳት ሁኑ። ይህን መምረጥ ሕልምን መሸጥ አይደለም። የራሳችሁን አጭር ታሪክ ግን ጎን ለጎን ጻፉ።

ልብ ወለድ ወይም ግጥም ስትጽፉ የኖራችሁ፣ እናንተን በተለይ ወደ አጭር ፊልም እገፋችኋለሁ። ቃላችሁ ያማረ ስለሆነ ሬዲዮ ይመቻችኋል። የሚጎድላችሁን የሚሰጣችሁ ግን ዝም ያለው ትዕይንት ነው።

ከመስጠታችሁ በፊት

የትኛውንም ብትመርጡ መብታችሁን እወቁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሆኖም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ይሆናችኋል። አዋጁ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም። «አንዲት የቡና ሻጭ የዱቤ ደብተር አላት» የሚለው የማንም ነው፤ የጻፋችሁት ስክሪፕት ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ ካፌ ተቀምጣችሁ ታሪክ ከማውራታችሁ በፊት ጻፉት። የኢኮኖሚ መብታችሁን፣ ማለትም ከሥራው የመጠቀም መብታችሁን፣ ለሌላ የምታስተላልፉት በጽሑፍ ነው። «እንተዋወቃለን፣ ውል ምን ያደርጋል?» የሚላችሁን ሰው በትሕትና «ለሁለታችንም ይበጃል» በሉትና ወረቀቱን አቅርቡ።

አሁን ግማሽ ላይ የቆመ ሙሉ ፊልም ያላችሁ ትኖራላችሁ። አትጣሉት። ውስጡ ካሉት ትዕይንቶች ብቻውን መቆም የሚችል አንድ ፈልጉ። ሁለት ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ውሳኔ ያለበትን። አውጡትና በአዲስ ፋይል እንደ አጭር ፊልም ጻፉት። ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻችሁን ጥሩና ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። እናንተ አታንብቡ፤ ቁጭ ብላችሁ የተደናቀፉበትን መስመር ሁሉ በእርሳስ አስምሩበት። እሑድ እነዚያን መስመሮች ብቻ አርሙ።